የሰፈር በዓል ላይ ክራር ብጫወት ቪዛዬን ይነካብኛል?

የዮትሱጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኛልና የምታውቁ መልሱልኝ። በፈረንጆቹ ኦገስት ሁለተኛ ቅዳሜ እዚህ ቶኪዮ ሰፈራችን የባህል ሙዚቃ በዓል አለ። የሚያዘጋጀው የሰፈሩ ማኅበር ነው፣ ቾናይካዩ። ከበሮና ዋሽንት፣ ሻሚሰን የሚሉት ባለ ሦስት ክር መሣሪያ፣ ራኩጎ የሚሉት ተቀምጠው የሚያወሩት አስቂኝ ተረት፣ የልጆች ጭፈራ ሁሉም አለበት። ጠዋት ቆሻሻ ስናወጣ የማገኛቸው አንድ እናት የሻሚሰን አስተማሪ ናቸው። ክራር ስመታ በመስኮት ይሰሙኝ ኖሯል፣ "አብረን መድረክ እንውጣ" አሉኝ። በደስታ እሺ አልኩ። ልምምድም ጀምረናል። አሁን ግን ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የምስጋና ፖስታ እንደሚሰጥ ሰማሁ፣ አሥር ሺህ የን። እኔ የምኖረው በባለቤቴ ቪዛ ነው፣ እሱ ተማሪ ነው። የሥራ ፈቃዴ በሳምንት 28 ሰዓት ነው፣ እሱንም የቤንቶ (የታሸገ ምሳ) ፋብሪካው ይጨርሰዋል። ኦክቶበር ላይ ቪዛችን ይታደሳል። ፖስታውን ብቀበል ኒዩካን፣ ኢሚግሬሽኑ ማለቴ ነው፣ "ትርፍ ሰዓት ሠርተሻል" ይለኛል? አልቀበልም ብል ደግሞ እናትየው ቅር እንዳይላቸው ፈራሁ።

ከሳይታማ፦
እህቴ አትደንግጪ። የኢሚግሬሽን ሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ ላይ አንቀጽ 19-3 የሚባል አለ። እንደ ሙያ ካልተያዘ በቀር፣ ለንግግር፣ በዝግጅት ላይ ለመሳተፍ፣ ቴሌቪዥን ላይ ለመቅረብ የሚሰጥ የምስጋና ገንዘብ ልዩ ፈቃድ ከሚያስፈልገው ክፍያ ውጭ ነው። የሰፈር በዓል ላይ አንድ ቀን መጫወት እዚያ ውስጥ ይገባል። ዋናው ነገር "እንደ ሙያ" የሚለው ነው። በየሳምንቱ ሬስቶራንት ውስጥ እየተከፈለሽ ብትጫወቺ ግን ሥራ ነው፣ ያኔ 28 ሰዓቱ ውስጥ ይቆጠራል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። 28 ሰዓት ማለት ከሰኞ እስከ እሑድ ብቻ አይደለም፣ ሰባቱን ቀን ከየትኛውም ቀን ጀምረሽ ብትቆጥሪ መብለጥ የለበትም። ቪዛ ሲታደስ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሰጠውን የግብር ወረቀት ያያሉ፣ ገቢው ከፍ ካለ ከዚያ ነው የሚይዙት። ስለዚህ ከፖስታው ይልቅ የፋብሪካውን ሰዓት ተቆጣጠሪ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ዮትሱያ ያለው የውጭ ዜጎች ድጋፍ ማዕከል፣ ፍሬስክ የሚሉት፣ በነፃ ያማክራል።

ከቺባ፦
ወንድሜ የጻፍከው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን ደንቡ ሌላ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ሌላ። እኔ እዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የተጻፈ ነገር ሳይዙ "በስልክ እንዲህ ብለውኝ ነበር" ማለት አያዋጣም። ልጄ፣ ማኅበሩ አንድ ቀን ብቻ እንደተጫወትሽና ገንዘቡ የምስጋና እንደሆነ በወረቀት ይጻፍልሽ፣ ማኅተም ያድርጉበት። ካልሆነ ፖስታው ይቅር። ለማኅበሩ መልሰሽ በስጦታ ብትሰጪያቸው ማንም ቅር አይለውም። በበዓል ጊዜ የሰጪዎች ስም በወረቀት ተጽፎ ይለጠፋል፣ አይተሽ ይሆናል። ስምሽ እዚያ ላይ ቢወጣ ለሰፈሩ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከሳይታማ፦
ጋሼ፣ ወረቀት መያዙ ጥሩ ነው፣ በዚያ እስማማለሁ። ግን በሕግ የተፈቀደላትን ገንዘብ ለምን ትመልስ? እንዲህ እየፈራን ነው መብታችንን የምንተወው።

ከአዳቺ፦
ሕጉን ለእናንተ ልተወውና ስለ ሙዚቃው ልናገር። እኔ ሻሚሰንን በደንብ የሰማሁት ካጉራዛካ ነው። በኖቬምበር የባህል ጥበባት በዓል አላቸው። ማታ በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ሁለት ሰዎች ሻሚሰን እየመቱ ቀስ ብለው ያልፋሉ፣ ሺንናይ ናጋሺ ይሉታል። ቆሜ ቀረሁ። ቅኝቱ አምባሰል ነው! ሚያኮቡሺ የሚሉት ቅኝታቸው ከአምባሰላችን ጋር አምስቱም ድምፅ ይገጥማል። የኦኪናዋዎቹ ደግሞ ከባቲ ሜጀር ጋር አንድ ነው። ሌላም አለ። የሻሚሰን ወፍራሙ ክር ሆን ተብሎ እንዲነዝር ነው የሚሠራው፣ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ ጋር ትንሽ ይነካካል። በገናስ? በድልድዩና በጅማቱ መካከል ቁራጭ ቆዳ የምናስገባው ለዚያው ንዝረት አይደል? እናቴ በዓቢይ ጾም ሬዲዮ ላይ በገና ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ትቀመጥ ነበር። ያን ድምፅ ቶኪዮ መንገድ ላይ ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። እህቴ፣ ፖስታ ኖረም አልኖረም ተጫወቺ።

ደግሞ እናንተ ዮትሱጊ፣ ካትሱሺካ ወረዳ ያላችሁት ዕድለኞች ናችሁ። በየበዓሉ የምትሰሙት የከበሮ ስልት፣ ካሳይ ባያሺ፣ የተወለደው እናንተው ጋ ነው፣ ሂጋሺ ካናማቺ። አምስት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ሁለት ትንንሽ ከበሮ፣ አንድ ትልቅ፣ ዋሽንትና ቃጭል። በክዮሆ ዘመን፣ ከ1716 እስከ 1736 ባለው ጊዜ፣ የካሳይ ሺንቶ መቅደስ ካህን ለሰፈሩ ወጣቶች አስተማሩት ይባላል። የቶኪዮ በዓል ከበሮ አብዛኛው ከዚያ የወጣ ነው።

ከካናጋዋ፦
እኔ ስለ ሌላ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ስትጫወቺ ፎቶ የሚያነሳሽ ሰው ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፈው። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ዩካታ፣ ቀለል ያለ የጃፓን ቀሚስ፣ ተውሼ ለብሼ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። በማግስቱ አጎቴ ደወለ። "እንኳን ደላሽ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ነገር እንዴት አሰብሽ?" አለኝ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው ሰው። አገር ቤት ብር ስለረከሰ እኛ የምንልከው ብዙ ይመስላል። እዚህ ግን የሩዝ ዋጋ በ2025 የት እንደደረሰ ሁላችሁም አይታችኋል። ኪራይ ከፍዬ፣ ጤና መድን ከፍዬ፣ ለእናቴ ከላክሁ በኋላ እጄ ላይ የሚቀር የለም። ለእናቴ መላኩ አይከብደኝም፣ ደስ እያለኝ ነው። የሚከብደኝ ደስ ብሎኝ የታየሁበት ቀን ሁሉ ሒሳብ ሲመጣበት ነው።

ከኢታባሺ፦
ይህን ሁሉ ስታወሩ ቀኑን ያየ የለም እንዴ? ኦገስት ሁለተኛ ቅዳሜ ማለት እኮ ፍልሰታ ነው! ነሐሴ 1 ጾሙ ይገባል፣ በሳምንቱ መድረክ ላይ ክራር ይዞ መውጣት ምን የሚሉት ነው? በዚያ ላይ ወንድሜ ራስህ ተናገርከው፣ ከበሮውን የጀመሩት የመቅደስ ካህን ናቸው። የእነሱን እምነት አከብራለሁ፣ የእኔ ግን አይደለም። እህቴ በክፉ አትይው፣ ለነፍስሽ ብዬ ነው።

ከአዳቺ፦
እኔ ስለ ሙዚቃው ታሪክ ነው የጻፍኩት። እሷ መቅደስ ውስጥ ልትሰግድ አይደለም፣ ጎረቤቶቿ ፊት ክራር ልትመታ ነው። ፍልሰታ ካልክ ደግሞ ቡሄ መቼ ነው? ነሐሴ 12 ማታ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞሩ የለም ወይ? ጾሙ መሐል አይደለም እንዴ?

ከኢታባሺ፦
ቡሄ ደብረ ታቦር ነው፣ የጌታ በዓል ነው! ከዘፈን ጋር እንዴት ታወዳድረዋለህ?

የዮትሱጊዋ፦
ኧረ አትጣሉብኝ። መድረኩ መቅደስ ውስጥ አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ጾሙን በእውነት አላሰብኩበትም ነበር ማለት አልችልም፣ አስቤበታለሁ፣ ግን ቀኑን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። እናትየው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በየልምምዱ መጀመሪያ የእኔን ክራር ሰምተው የእሳቸውን ክር ዝቅ አድርገው ያስተካክላሉ። በጃፓንኛ ብዙ አንግባባም፣ በዚያ ግን እንግባባለን። አሁን ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው? ለንስሐ አባቴ ማታ እደውላለሁ። ዘፈን ሳይሆን የቡሄን ዜማ ብጫወት ምን ይሉኝ ይሆን? ቅዳሜ ለማኅበሩ መልስ መስጠት አለብኝ። እስከዚያ ግን ፖስታ ተቀብሎ ቪዛ ያሳደሰ ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

ከቺባ፦
የቡሄው ሐሳብ ጥሩ ነው ልጄ። ልጆቻችንም ይምጡና ይቀበሉሽ። እዚህ የተወለዱት ሆያ ሆዬን በስልክ እንጂ በአካል አይተውት አያውቁም።

ከኢታባሺ፦
ቡሄ ከሆነ ዱላ ተይዞ፣ ሙልሙል ተጋግሮ፣ በቀኑ ነው። በሳምንት ቀድሞ፣ በክራር፣ ከሻሚሰን ጋር ቡሄ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም። ቃለ ዓዋዲውን የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይፍረደን።

ከአዳቺ፦
ስለ ሆያ ሆዬ ቃለ ዓዋዲ ምን ይላል ደግሞ? ና እስቲ አሳየኝ።