የውስጥ እግር ሜላኖማ ሳንባ ደርሷል፤ ከመላኬ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ዘመሐልሜዳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ታካሚው የ58 ዓመት ገበሬ ነው። ተረከዙ ላይ ያለው ጥቁር ቁስል በባዮፕሲ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ተብሏል፤ የብሽሽቱ ንፍፊት አብጧል፣ ሲቲ ስካኑም ሳንባው ላይ እብጠቶች አሳይቷል። ቤተሰቡ «እግሩ ይቆረጥና ይዳን» ይላል። አዲስ አበባ ወደ ካንሰር ሐኪም ከመላኬ በፊት ምን ልሥራ? ለቤተሰቡስ ምን ልበል?

አንኮበር፦
ዶክተር፣ እግር መቁረጡ ይቅር፤ ሳንባ የገባውን አይመልስም። ቁስሉ ከደማ ወይም ካሰቃየው ግን ቁስሉን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ከሁሉ በፊት የባዮፕሲውን የፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በሰም ተደርጎ የተቀመጠበትን) ከላቦራቶሪው ያስወጡለት። ሰው ይዞ የሚሄደው የውጤት ወረቀቱን ብቻ ነው፤ መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳው የብራፍና የኪት (BRAF፣ KIT) ጂን ምርመራ ደግሞ በወረቀት አይሠራም። አዲስ ናሙና ከወሰዱ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹም የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። በጨው ውሃ የተላከ ሥጋ መንገድ ላይ ይበላሻል። የጉበት፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የሄፓታይተስ ቢና የኤችአይቪ ውጤት አብሮ ይሂድ። ራስ ምታት ወይም የሚጥል ነገር ካለው የጭንቅላት ኤምአርአይ እንዲነሣ ሪፈሩ ላይ ይጻፉ።

ጣርማበር፦
ውስጥ እግር ላይ በሚወጣው ዓይነት የብራፍ ለውጥ የሚገኘው በጥቂቶች ነው፤ ስለዚህ ዋናው ተስፋ ኢሙኖቴራፒ (የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣ ሕክምና) ነው። ከዚህ ዓይነት ፔምብሮሊዙማብ 200 ሚሊግራም በየ3 ሳምንቱ፣ ወይም 400 በየ6 ሳምንቱ፣ በ30 ደቂቃ በደም ሥር ይሰጣል። ከመንዝ ለሚመላለስ ሰው የ6 ሳምንቱ ይሻላል። ዋጋው ከባድ ስለሆነ መገኘቱን አስቀድመው ያጣሩ። ከታጣ ዳካርባዚን የተባለ ኬሞቴራፒ አለ፤ ዕጢውን የሚያሳንሰው ግን ከ10 ሰው በ1 ወይም በ2 ያህል ነው፣ ዕድሜ ማስረዘሙም አልተረጋገጠም። ይህን ለቤተሰቡ ሳይሸፍኑ ይንገሯቸው፤ ከብት ሸጠው ነው የሚያሳክሙት። በኢሙኖቴራፒ ዓመታት የሚኖሩ አሉ፣ ይህ ዓይነቱ ግን ከሌላው ሜላኖማ ያነሰ ምላሽ ይሰጣል።

ትልቁ አደጋ ታካሚው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። የኢሙኖቴራፒው መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ አንጀት ላይ ሊያስነሣ ይችላል። ተቅማጡ ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲጨምር ጤና ጣቢያው «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል፤ ቀናት ያልፋሉ፣ አንጀት ይበሳል። ሰገራው ይመርመር፣ ግን ለካንሰር ሐኪሙ በዚያው ቀን ይደወል። ብዙውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን (መከላከያውን የሚያበርድ ስቴሮይድ) በቀን በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ይጀመራል፤ የሚቀነሰውም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀስ ተብሎ ነው፣ ድንገት ከተቋረጠ ያገረሻል። አዲስ ሳልና የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ ካርዱ ላይ በአማርኛ ይጻፉለት።

ደነባ፦
የብራፍ ለውጥ ከተገኘ ደግሞ ለእሱ የሚሰጡት መድኃኒቶች ዳብራፌኒብ 150 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ትራሜቲኒብ 2 ሚሊግራም በቀን 1 ጊዜ ነው፤ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ። ጾመኛ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ብለው ይስማሙ፣ እራቱን ከ1 ሰዓት በኋላ ይብላ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ከሄደም ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ትራሜቲኒብ ፍሪጅ ይፈልጋል። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሁለቱንም አቁሞ ፓራሲታሞል ይውሰድና ይደውል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከነበረ የወባ ምርመራም ይሠራለት።