ድረሱልኝ! ሬይዱ አልነሳም አለ፣ የጥር ሰርጎች ውስጡ ናቸው

ካሜራማኑ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። ትናንት ማታ መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ሬይዱ (ዲስኮቹን አንድ አድርጎ የሚያሠራው) የለም፣ ሁለት ዲስክ ወጥቷል ይላል። አንድ ቪዲዮ ላይ በኤምዲአድም (ሬይድ በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) «ክሪኤት» (አዲስ ፍጠር) በለው ሲሉ ሰማሁ። ልበለው? ሙሽራው ቅዳሜ ይመጣል።

የቡሬው፦ ስንት ቁጥር ሬይድ? ስንት ዲስክ? እኛ ጠንቋይ ነን እንዴ?

ካሜራማኑ፦ ይቅርታ። ሬይድ 5፣ ባለ 2 ቴራ አራት ዲስክ፣ ሲስተሙ ኡቡንቱ።

ጋሼ ሰርቨር፦ ልጄ፣ ሬይድ ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) አይደለም። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል፣ ሁለት ከሞቱ አለቀ። የሰው ሰርግ ተቀብለህ አንድ ቦታ ብቻ ታስቀምጣለህ? ዩፒኤስስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) የለህም?

ካሜራማኑ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ግን አሁን ምን ላድርግ?

ደጀን በር፦ አጥፍተህ አብራው።

ሽሮ ፈሰስ፦ ሰርጉ አልፎ መልሱ ቀረ በለና 😂

ሽቦ አዋቂ፦ ዲስኮቹ ሞቱ ያለህ ማን ነው? ሁለት ዲስክ በአንድ ሌሊት እምብዛም አይሞትም። ኮምፒውተሩን አጥፋና የሳታና የፓወር ገመዶቹን ነቅለህ ሰካ። ክሪኤት ግን እንዳትል! ስለ ሬይዱ የተጻፈውን የድሮ መረጃ ደምስሶ አዲስ ይጽፍበታል። በኤምዲአድም «ኤግዛሚን» እያንዳንዱን ዲስክ እይና «ኢቨንትስ» የሚለውን ቁጥር (ዲስኩ እስከ የት አብሮ እንደሠራ የሚያሳየውን) ላክ።

ደጀን በር፦ እኔ አጥፍቼ ሳበራው ተነስቶልኛል።

ካሜራማኑ፦ ገመዱን ነካካሁት፣ አራቱም ታዩ! ግን ሬይዱ አሁንም አልተነሳም። ቁጥሩ 41872፣ 41872፣ 41869፣ 40110።

ሽቦ አዋቂ፦ ተገኘ። ባለ 40110ው ቀድሞ የወጣ ነው፣ ተወው። ምናልባት ከወራት በፊት ወጥቶ ሳታየው ቀርተህ ይሆናል። ሦስቱ ይበቁሃል። መጀመሪያ ስማርታቸውን (የዲስክ ጤና ሪፖርታቸውን) እይ። የተበላሸ ሴክተር (የማይነበብ ቦታ) ያለበት ካለ በዲዲሬስኪዩ (ከተበላሸ ዲስክ በሚገለብጥ ፕሮግራም) ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ፣ ከዚያ በቅጂው ሥራ። ግማሽ የተነሳውን ሬይድ «ስቶፕ»፣ ቀጥሎ ሦስቱን ብቻ «አሰምብል» (መልሰህ ግጠም) ከ«ፎርስ» (በግድ) ጋር። ከተነሳ ሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) አድርገህ ማውንት (ክፈተው)፣ ቪዲዮውን ወደ ውጭ ቅዳ። ቪዲዮውን ሳትቀዳ አራተኛውን ዲስክ እንዳትጨምር!

የቡሬው፦ ፎርስ በለው፣ አለቀ።

ሽቦ አዋቂ፦ ስማርቱን ሳያይ አይደለም!

ካሜራማኑ፦ ሦስተኛው ቀጭ ቀጭ ይላል… ባዶ ዲስክ ከማርቆስ አስመጣለሁ።

ጋሼ ሰርቨር፦ ሁለት አስመጣ።

ሽሮ ፈሰስ፦ እሁድ ሆነ። ካሜራማን፣ ሙሽራው ምን አለህ?