ሀዋሳ ላይ የቧንቧ ሥራ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከአቶቴዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። 24 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። 12ኛን ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አልመጣልኝም። ከዚያ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ 3 ዓመት ሠራሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ።

ባለፈው ወር የተከራየንበት ግቢ ዋናው የውሃ መስመር ፈነዳ። ባለሙያ ተለምኖ 2 ቀን ጠበቅን። ሰውዬው መጣ፣ ቆረጠ፣ በየደ፣ በ20 ደቂቃ ጨርሶ ሄደ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እጁን ብቻ ነበር የማየው። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ሥራ መማር እፈልጋለሁ።

ኮሌጅ ልግባ ወይስ ከባለሙያ ጋር ረዳት ሆኜ ልጀምር? ኮሌጅ ከሆነ ከመመዝገቤ በፊት ምን ልጠይቅ? ዕቃ ከአሁኑ መግዛት አለብኝ? እናቴ ደግሞ «የወንድ ሥራ ነው፣ ወገብሽ ይቆረጣል» ትላለች። እውነት ያን ያህል ጉልበት ይጠይቃል? ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለ6 ወር ቤት ኪራይና ቀለብ ይበቃኛል፤ ከዚያ አያልፍም።

መልስ፣ ከሳይት ልጅ

እህቴ፣ ጊዜሽን ኮሌጅ ውስጥ አታቃጥዪ። እኔ ከ9ኛ ክፍል ወጥቼ ነው ረዳት የሆንኩት። በዓመቴ ሻወር ቤት ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ። ረዳት ስትሆኚ ከመጀመሪያው ቀን የቀን ክፍያ ታገኛለሽ። ኮሌጅ ግን እየከፈልሽ ወይም ያለ ገቢ ቁጭ ማለት ነው። ለ6 ወር የሚበቃ ብር ላላት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መልስ፣ ከአሰልጣኙ

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የማስተምረው ይህንኑ ሙያ ነው። ወንድሜ ከላይ የጻፈውን አከብራለሁ። እጅ የሚፍታታው ሳይት ላይ ነው። ነገር ግን ሳይት ላይ «እንዲህ አድርጊ» ትባያለሽ እንጂ «ለምን» የሚለውን ቆሞ የሚያስረዳሽ ሰው ብዙ ጊዜ አታገኚም። ኮሌጅ ለምንን ያስተምርሻል። ፕላን ማንበብም የሚለመደው እዚያ ነው። ፕላን የማያነብ ባለሙያ ፎርማን እስኪነግረው ሲጠብቅ ይኖራል።

መጀመሪያ የዘርፉን ስም አጣሪ። አንዱ ኮሌጅ ሳኒታሪ ይለዋል፣ ሌላው የቧንቧ ዝርጋታ ይለዋል። የውሃ አቅርቦት የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ወደ ጉድጓድ፣ ምንጭና ዋና መስመር ያዘነብላል። ስሙ ስለተመሳሰለባቸው ብቻ ተመዝግበው በኋላ ያዘኑ ልጆች አውቃለሁ።

ሀዋሳ ውስጥ ከመንግሥት ተግባረ ዕድና ፖሊ ቴክኒክ አሉ፣ የግል ኮሌጆችም አሉ። ሬጅስትራር ሄደሽ ዘንድሮ በዚህ ዘርፍ ይቀበሉ እንደሆነ፣ በስንት ደረጃ እንደሆነ፣ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ካላቸው ጠይቂ። ምዝገባ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የ12ኛ ውጤት ከወጣ በኋላ ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወጣ የአምናውን ይዘሽ ተስፋ አትቁረጪ። ትራንስክሪፕትሽን፣ የ12ኛ ውጤትሽን፣ መታወቂያሽንና ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ ኮሌጁን በስሙ ሳይሆን በወርክሾፑ ምረጪ። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። «ወርክሾፑን ማየት እችላለሁ?» በይ። ስንት የመበየጃ ማሽን አለ? ለስንት ሰልጣኝ? ቧንቧ እየተዘረጋበት የሚፈርስ የልምምድ ግድግዳ አለ? ጥግ ላይ የተቆራረጠ፣ ተበይዶ የተጣለ ቧንቧ ተቆልሎ ካየሽ ደስ ይበልሽ፤ ልጆቹ እየሠሩ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ከነካርቶኑ የተቀመጠበት ወርክሾፕ ግን አይጠቅምሽም።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ስለ ትብብር ስልጠና ይሁን። በደንቡ ከስልጠናው 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው። የተግባሩ ከፊል ከኮሌጅ ውጭ፣ ድርጅት ወይም ሳይት ላይ ነው የሚሠራው። የት እንደሚልኳችሁ፣ ማን እንደሚከታተላችሁ ጠይቂ። ተለማማጅ ተልኮ ሲሚንቶ ተሸክሞ የተመለሰ ልጅ ቧንቧ አልተማረም።

የመጨረሻው ሲኦሲ ነው፤ የብቃት ምዘናው። ጽሑፍም ተግባርም አለው። ደረጃ 1 ላይ ምዘናውን ሳታልፊ ወደ ደረጃ 2 አትሄጂም። ለተግባሩ ፈተና ሰዓት አለው፤ ስለዚህ ሥራውን ማወቅ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መጨረስ ተለማመጂ።

መልስ፣ ከባለ 17 ዓመቱ

ልጄ፣ እኔ ሀዋሳ ላይ ቧንቧ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ፔንሲዮኖች ብዙዎቹ ውስጥ እጄ አለበት። ኮሌጅ አልገባሁም። የሳይት ልጅ ያለውም እውነት ነው፣ በረዳትነት እንጀራ ይበላል። ግን ከ6 ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሕንፃ ላይ ሥራ አግኝቼ ማስረጃ ሲጠይቁኝ ወረቀት አልነበረኝም። ሥራው ከእኔ ያነሰ ልምድ ላለው ሰው ሄደ። ያን ቀን አዝኛለሁ። በኋላ በልምዴ ሲኦሲ ተፈተንኩና አለፍኩ። ኮሌጅ ሳይገቡ በልምድ መፈተን ይቻላል፤ የሳይት ልጅ፣ አንተም አስብበት ወንድሜ። ጽሑፉ ግን አስቸግሮኛል። የማውቀውን ነገር ስሙን አላውቀውም ነበር።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት ስትገቢ አጥብቀሽ እንድትይዢ የምፈልገውን ልንገርሽ።

ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲበየድ ሁሉም ሰው ቀላል ነው ይላል። ማሽኑ 260 ዲግሪ ይሙቅ። 20 ሚሊሜትሩን፣ ማለትም ሰው ግማሽ ኢንች የሚለውን፣ 5 ሰከንድ ታሞቂዋለሽ። 25ቱን 7 ሰከንድ፣ 32ቱን 8 ሰከንድ። ቀጥ አድርገሽ ታስገቢያለሽ፣ አታሽከረክሪውም። ከዚያ 20ውና 25ቱ 2 ደቂቃ፣ 32ቱ 4 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ እስከዚያ አትጫኚው። ረዳቶች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አብዝተው ያሞቁና አብዝተው ይገፋሉ፤ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ቤቱ ከተጨረሰ በኋላ «ሻወሩ ውሃው ቀጠነ» ይባላል፣ ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የሚገባውን ልክ ለክተሽ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ስትለማመጂም የበየድሽውን በመጋዝ ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ። እኔን ማንም ይህን አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ከ3 ዓመት በኋላ ሰንጥቄ አይቼ የደነገጥኩት።

ፍሳሽ ላይ ውሃ ልክ ከእጅሽ አይጥፋ። ከሽንት ቤት የሚወጣው 110 ሚሊሜትር ቱቦ በ1 ሜትር 2 ሳንቲም ያህል ይውረድ። ዓይን ያታልላል። ሲፎን፣ ማለትም ውሃ የሚይዘው ጠማማ ቱቦ፣ የሌለው ማፍሰሻ ደግሞ ቤቱን በሙሉ ያሸታል። ሲፎን ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው ሽታውን የሚያግደው። የአየር ማውጫ ቱቦ ካልተሠራ ሽንት ቤቱ በተለቀቀ ቁጥር ያ ውሃ ሊመጠጥ ይችላል፤ ከዚያ ሰው ሲፎኑ ተበላሸ ብሎ ይቀይረዋል፣ ሽታው ግን እንዳለ ነው።

ግፊትም ተማሪ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ከተቀመጠ ታች የምታገኚው 0.3 ባር ብቻ ነው። ደንበኛ «ሻወሩ ለምን አይወርድም» ሲልሽ ይህን በሂሳብ ማስረዳት ከቻልሽ ያምንሻል።

ከሁሉ በላይ፣ ሳትፈትሺ ግድግዳ አታስደፍኚ። አንድ ጊዜ ባለቤቱ ቸኩሎ እኔም እሺ ብዬ 4 ሻወር ቤት ያለ ፍተሻ ሴራሚክ አስለጠፍኩ። በ2ኛው ሳምንት የታችኛው ጣሪያ ረጠበ። ሴራሚኩን ያፈረስኩት እኔ፣ የገዛሁትም እኔ፣ ያስለጠፍኩትም እኔ ነኝ። አሁን ፓምፕ አገናኝቼ፣ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ አድርጌ፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ አለመውረዱን ሳላይ ግንበኛ አላስጠጋም።

መልስ፣ ከይርጋለሟ

እህት፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ኮሌጅ ተምሬ ነው የወጣሁት፣ አሁን 5ኛ ዓመቴ ነው። እናትሽን ንቀሽ አትለፊያት፤ ፈርታልሽ ነው። ጉልበት ይጠይቃል። ከባዱ ግድግዳ መሰርሰር ነው፤ እሱም በግራይንደር ቀልሏል። ቦይለርና የሽንት ቤት መቀመጫ ወንዶቹም ለሁለት ነው የሚያነሱት። ወገብሽን የሚጎዳሽ ሲንክ ሥር ተጣጥፎ መዋል ነው። ጉልበትሽ ሥር ስፖንጅ አድርጊ፣ በየመሀሉ ቀና በይ።

ሳይት ላይ የመጀመሪያ ቀን «ቡና አፍዪልን» የሚልሽ ይኖራል። በጨዋ አፍ «ለሥራ ነው የመጣሁት» በይና መፍቻሽን አንሺ። አንዴ ካፈላሽ ዓመቱን ሙሉ ስታፈዪ ትኖሪያለሽ። የማታውቂው ሰው ቤት ለጥገና ስትጠሪ ብቻሽን አትሂጂ፣ የምትሄጂበትንም ለሰው ንገሪ። ቀን ቀን ብቻቸውን የሚውሉ እናቶች ግን ሴት ባለሙያ ሲያገኙ በጣም ደስ ይላቸዋል። የኔ ደንበኞች ግማሹ እነሱ ናቸው፤ እርስ በርስ ስልኬን የሚሰጣጡትም እነሱ ናቸው።

መልስ፣ ከባለ ሱቁ

የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። እህቴ፣ አሁን ማሽን አትግዢ። ብርሽን ለቀለብሽ ያዢ። ሜትር፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ የፒፒአር መቀስ፣ አንድ የቧንቧ መፍቻና እርሳስ ይበቃሻል። ማሽን ኮሌጁም አለው፣ የምትሠሪበት ባለሙያም አለው። በኋላ ዕቁብ ገብተሽ ትገዢዋለሽ።

ቧንቧ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከአሁኑ ልመጂ። ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 የሚል ጠይቂ፤ ፒኤን የቧንቧው የግፊት አቅም ነው። ሱቅ ስትመጪ ቀዩ መስመር ወይም ሰማያዊው ብቻ አያሳምንሽ፣ ጽሑፉን እዪ። ጥርስ ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚጠቀለሉት ቴፍሎንና ቃጫም እንደ ቦታው ነው፤ ለብረት ጥርስ ቃጫ የሚመርጡ ብዙ ናቸው።

መልስ፣ ከአቶቴዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሳችሁን 3 ጊዜ አነበብኩት፤ ለእናቴም አነበብኩላት። የይርጋለሟን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «ብቻሽን እንዳትሄጂ የሚለውን ያዢ» አለችኝ።

ትናንት 2 ኮሌጆች ሄድኩ። አንደኛው ጋ ወርክሾፑ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፍ የያዘው ሰውም የለም ተባልኩ። ሁለተኛው ጋ አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ ቧንቧ ተዘርግቷል፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ፍሳሽ ቱቦ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣ ነበር። ጥግ ላይ ቁርጥራጩ ተቆልሏል። አንዱን አንስቼ ውስጡን አየሁት፣ ቀዳዳው ጠቧል። ጋሼ ያሉት ገባኝ። የማታ ፕሮግራም አላቸው፣ ምዝገባውን እየጠበቅሁ ነው።

ጋሼ ባለ 17 ዓመቱ፣ ቀን ቀን ከእርስዎ ጋር ረዳት ሆኜ ብሠራ ይፈቅዱልኛል? ማታ ኮሌጅ፣ ቀን ሳይት ከሆነ ብሬም አያልቅብኝም።

መልስ፣ ከባለ 17 ዓመቱ

ልጄ፣ ደስ ይለኛል። ታቦር ተራራ ሥር አንድ ባለ 2 ፎቅ ቤት ጀምረናል፣ ሚስቴም ምሳ ይዛ በየቀኑ ትመጣለች። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነይ፤ እናትሽንም ይዘሻት ነይ፣ ቦታውን ትየው። የተዘጋ ጫማ አድርጊ። የምንጀምረው ከፍሳሽ ነው።