«50 ደቂቃ ስልክ ላይ ተጥዶ» ማለት ምን ማለት ነው?

ራምፕ ላይ ያለው፦
ትናንት አንዱ እዚህ አላስካ ላይ የወደቀችውን የአሜሪካ የጦር ጀት፣ የኤፍ 35ን ቪዲዮ ለጠፈ። እየተሽከረከረች ቁልቁል ስትወርድ፣ ከዚያ እሳት። ከሥሩ ደግሞ «50 ደቂቃ ስልክ ላይ ተጥዶ 200 ሚሊዮን ዶላር አመድ አደረገ» ብሎ ጻፈበት። ሳቅ በሳቅ ሆናችሁ። እኔን ግን ሲያበግነኝ አደረ። አየር ላይ ሆነህ የፊት ጎማህ 17 ዲግሪ ወደ ግራ ተጣሞ ቢቀር ምን ታደርጋለህ? መስኮት ከፍተህ በእጅህ ታቃናዋለህ? ፓይለቱ አየር ላይ እያለ 50 ደቂቃ በስልክ የሠሯትን ሰዎች ጠየቀ። አምስት የሎክሂድ ማርቲን መሐንዲሶች፣ ሦስቱ የማረፊያ ጎማ ባለሙያዎች። ይሄ መጣድ ከሆነ ሐኪም ማማከርም መጣድ ነው።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
«አንዱ» እኔ ነኝ። ስሜን መጥራት ትችላለህ፣ አትፍራ። ቀልድ ነው ወንድሜ። ግን ውሸት አለበት? ተመካከሩ፣ ተመካከሩ፣ መጨረሻ ላይ ማኮብኮቢያውን ነክቶ እንዲነሳ ተስማሙ። ጎማው ይቃና እንደሆነ ብለው ነው። ሁለት ጊዜ ሞከረ። የፊቱ ሊቃና ቀርቶ የኋላዎቹም በረዶ ሆነው ቁጭ አሉ። ጀቷ አየር ላይ እያለች «መሬት ላይ ነኝ» ብላ አመነች። ከዚያ በኋላ ማን ይነዳታል? ልጁ ኢጀክት አደረገ፣ ከነወንበሩ ተወንጭፎ ወጣ። ታዲያ ምክሩ ምን ፈየደ?

ሰብለ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ማሙሽዬ፣ ልጁ በሕይወት አለ። ቀላል ጉዳት ብቻ ነው የደረሰበት።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ያተረፈው ወንበሩ እንጂ ስልኩ አይደለም።

ራምፕ ላይ ያለው፦
ወንበሩ አልክ? ጥሩ። ሾው በሚባለው የአየር ኃይል ካምፕ የደረሰውን ታውቃለህ? ሳውዝ ካሮላይና፣ በፈረንጆቹ 2020 ሰኔ። ኤፍ 16፣ በሌሊት። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ሊያርፍ ሲል ከማኮብኮቢያው በፊት የተተከለውን አንቴና መታ። የማረፊያ ጎማው ክፉኛ ተጎዳ። መልሶ ተነሳ። ታች ያለው ተቆጣጣሪ ፋብሪካው ጋ መደወል ይችል ነበር። አልደወለም። ማኮብኮቢያው ላይ በተዘረጋ ኬብል ተይዞ እንዲቆም ተወሰነ። የጀቷ መንጠቆ ኬብሉን ሳተው። ኢጀክት አደረገ፣ ጃንጥላው አልተከፈተም። ሞተ። መርማሪዎቹ አምራቹን አለማማከርን ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች ውስጥ ጻፉት። እንግዲህ እዚያ ማንም ስልክ ላይ አልተጣደም። ውጤቱን አየኸው።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ቆይ ቆይ። ያ ልጅ የሞተው ስልክ ስላልተደወለ ነው ወይስ የወንበሩ ዕቃ ስለተበላሸ? ሁለቱን አታምታታ። ቢደወልም ወንበሩ ያው ወንበር ነው።

ራምፕ ላይ ያለው፦
ቢደወል «ከፍ ብለህ፣ ተዘጋጅተህ ውጣ» ሊባል ይችል ነበር። ከፍታ ካለህ ወንበሩ ሲከዳህ በእጅህ የምትሞክርበት ሰኮንድ ታገኛለህ። መሬት አጠገብ ግን ምንም የለህም።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
«ሊባል ይችል ነበር»። እሺ። የእኔ ቀልድ በ«ነው» የተጻፈ ነው፣ የአንተ ክርክር በ«ነበር»።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ጣልቃ ልግባ። ስለ ስልኩ ይህን ያህል ስትነታረኩ አንዳችሁም የእሳት አደጋ መኪናው የት ነበር ብላችሁ አልጠየቃችሁም። እኔ በቀድሞው ጊዜ ማኮብኮቢያ ዳር የምቆም እሳት አደጋ ሠራተኛ ነበርኩ። ካምፑን አልጠራም። 50 ደቂቃ አየር ላይ ቆየ ማለት ታች ያለው ሰው 50 ደቂቃ ለመዘጋጀት አገኘ ማለት ነው። መኪናው ይሰለፋል፣ ሐኪሙ ይቆማል፣ ማኮብኮቢያው ይጸዳል፣ ነዳጁም ይቀንሳል። ይህን መጣድ የሚል ሰው ማኮብኮቢያ ዳር ቆሞ አያውቅም።

አንድ ቀን ሚግ 21 መጣች። ሚግ 21 ስታርፍ ፈጣን ናት፣ ከኋላ ጃንጥላ ዘርግታ ነው የምትቆመው። የዚያን ቀን ጃንጥላው እምቢ አለ። ማኮብኮቢያውን ጨርሳ የታረሰ ማሳ ውስጥ ገባች። ከመኪናችን በፊት የደረሱት ሁለት በሬ ጠማጆች ናቸው። አንድ አዲስ ልጅ መጥረቢያ ይዞ ሊወጣ ሲል አለቃችን «ወንበሩ! ወንበሩ!» ብሎ ጮኸ። ለምን መሰላችሁ? ወንበሩ ሥር ፓይለቱን የሚያስወነጭፍ ፈንጂ አለ። መቆለፊያ ፒኑ ሳይገባ ያልሆነ ነገር ከነካህ ፓይለቱም አንተም ተያይዛችሁ ሰማይ ነው። አለቃችን ራሱ ወጥቶ ፒኑን ሰካ። ፓይለቱ ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀው ውሃ ነው። ገበሬዎቹ ጠላ ሰጡት።

ሰብለ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥዎ። እስቲ ስለ አሁኖቹም ይንገሩን።

ጡረተኛው፦
የአሁኖቹን ያነበብኩትን ነው የምነግርሽ ልጄ። ኤፍ 16 ሃይድራዚን የሚባል መርዝ ትይዛለች። ሞተሯ ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ ኃይል የሚሰጣት መሣሪያ የሚጠቀምበት ነው። ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ፣ ጭምብል ለብሰህ ነው የምትጠጋት። ኤፍ 35 ያ መርዝ የላትም፣ ግን ገላዋ በብዛት ከካርቦን ጭረት የተሠራ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ዝም ብለህ አትረግጠውም።

ኪሩቤል ሪያድ፦
ጋሼ ሚግ 21ን እንዲህ ሲያሞግሱ ኤፍ 5 የት ሄደች? በ69ኙ ጦርነት የሶማሌን ሚጎች የለቀመቻት እሷ ናት።

ጡረተኛው፦
መቼ አሞገስኩ? ማሳ ውስጥ ገባች አልኩ እንጂ።

ኪሩቤል ሪያድ፦
ለማንኛውም ወደ ጉዳዩ። ኮሪያ በ2022 ጥር ላይ ምን ሆነ? ያችው ኤፍ 35፣ ሶሳን የሚባል ካምፕ። ሦስቱም ጎማዎች አልወርድ አሉ። ፓይለቱ ወንበሩን አልሳበም። ታች እሳት አደጋዎቹ ማኮብኮቢያው ላይ አረፋ አነጠፉ፣ እሱ በሆዷ አሳረፋት። አንድ ጭረት ሳይነካው ወርዶ ሄደ። ወንድ ማለት ይህ ነው።

ራምፕ ላይ ያለው፦
ወንድነት ምን አገባው? ጎማ ጭራሽ ካልወጣ በሆድ ትንሸራተታለህ። የአላስካው ጎማ ወጥቶ ተጣሞ ነው የቀረው። ተመልሶም አልገባም። በጎን የዞረ ጎማ ይዘህ በዚያ ፍጥነት ብትነካ ከማኮብኮቢያው ሊያስወጣህ ይችላል። በዚያ ላይ ኮሪያዋ ተርፋለች እንዴ? አንድ ንስር ነው የመታት፣ 10 ኪሎ የሚሆን። ከተገዛችበት በላይ የሚያስወጣ ጥገና ስለሆነ ከአገልግሎት ትውጣ ተባለ።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ንስር! ይሄኛው ደግሞ በውሃ፣ ያኛው በወፍ። ይህን ሁሉ ዶላር በብር መትታችሁ ተኙ።

ሰብለ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው። ውሃው። የፊት ጎማውና የቀኝ ዋናው ጎማ ሃይድሮሊክ ዘይት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ውሃ ሆኖ ተገኘ። አላስካ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ። ምን ይሆናል? ይረጋል። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ እያልን የምንስቀው እኛ፣ እነሱ ደግሞ ዘይት ላይ ውሃ። ፓይለቱን ከመስደብ የዘይቱን በርሜል ማን ጠበቀው ማለት ይሻላል። ከ9 ቀን በኋላ እዚያው ካምፕ ሌላ ኤፍ 35 ላይ ያው ችግር ታየ፣ እሷ በሰላም አረፈች።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
አየሽ ሰብሊ? «በሰላም አረፈች»። በራስሽ አፍ ተናገርሽው።

ሰብለ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከአንዱ አደጋ ተምረው ይሆናላ! አስር ቀን ሳይሞላ ሁለት ሲሆን እኮ ጥፋቱ የፓይለት አይደለም ማለቴ ነው። ቃል ለቅመህ አትሩጥ።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ቃል መልቀም ማን ጀመረ? «ተጥዶ» በሚለው አንድ ቃል ስንት መልስ ሆነ? እንግዲህ የአደጋውን የምርመራ ሪፖርት ካነበባችሁ ጨርሳችሁ አንብቡት። ሎክሂድ ራሱ በኤፕሪል 2024 ጽፎ ነበር። በከባድ ብርድ ጎማው ላይ ያለው ሴንሰር ሊሳሳት፣ ጀቷም ለመቆጣጠር ልታስቸግር ትችላለች ብሎ። አደጋው የደረሰው በጥር 2025 ነው። ስልኩ ላይ የነበሩት ያንን ወረቀት ቢያስታውሱት ኖሮ ወይ አርፈህ ቁም ወይ ተዘጋጅተህ ውጣ ይሉት ነበር እንጂ ሁለተኛውን ሙከራ አይመክሩም ነበር ይላል፣ መርማሪው ራሱ። ታዲያ ተጥደው አልነበረም? ተጥደው ነበር። ግን ድስቱ ጥሬ ወጣ።

ኪሩቤል ሪያድ፦
😂😂 ድስቱ ጥሬ ወጣ

ራምፕ ላይ ያለው፦
ይህን እቀበላለሁ። ግን ልብ በል፣ አሁን ጥፋቱን ከፓይለቱ ወደ መሐንዲሶቹ አዛወርከው። ትናንት የጻፍከው «አመድ አደረገ» ነው። ማን አደረገ? እሱ። ነጠላ ቁጥር። እኔን ያናደደኝም ይሄው ነው፣ በግልጽ ልንገርህ። ET 302 ስትወድቅ አንድ ሴንሰር ዋሸ፣ ኮምፒውተሩ አመነው፣ አፍንጫዋን እየደፈቀ 157 ሰው ይዞ ወረደ። ከዚያ ዋሽንግተን ኮንግረስ ውስጥ ሳይቀር አሜሪካ የሰለጠነ ፓይለት ቢሆን ኖሮ ይቆጣጠራት ነበር የሚል ሰው ተነሳ። እኛ ስንት ወር ተንገበገብን። አሁን ደግሞ ሴንሰር ዋሸ፣ ኮምፒውተሩ አመነ፣ አሜሪካ የሰለጠነው ፓይለት አልቻላትም። እና እኛው ጣት እንቀስራለን?

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ያንን እዚህ ማምጣት አልነበረብህም።

ራምፕ ላይ ያለው፦
ለምን?

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ምክንያቱም ያኛው ለቀልድ አይሆንም። በዚህ ልጁ ተርፏል፣ ስለተረፈ ነው የቀለድኩት። ደብረ ዘይት አጠገብ ስለወደቁት ቀልጄ አላውቅም።

የአድአ ልጅ፦
ቢሾፍቱ።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
ምን?

የአድአ ልጅ፦
ቢሾፍቱ ነው ስሙ። ስንት ዓመት ነው የምንነግራችሁ።

ኪሩቤል ሪያድ፦
ወይ ጉድ፣ ጀመረን። አየር ኃይሉ ቤት ሲሠራ ሁሉም ሰው ደብረ ዘይት ነበር የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

የአድአ ልጅ፦
አንተ እንደፈለግህ በል። ቦታው ከዚያ በፊትም ስም ነበረው።

ጡረተኛው፦
ልጆች ሐይቁ ያው ነው። ተውት።

የአድአ ልጅ፦
ጋሼ፣ ለእርስዎ ክብር ስል ነው ዝም የምለው።

ኪሩቤል ሪያድ፦
ስለ አደጋ ካነሳን በፈረንጆቹ 2013 ሞቃዲሾ ላይ የወደቀችው አንቶኖቭስ? የእኛ ጦር አውሮፕላን አይደለችም? ከ6 ሠራተኞች 4ቱ አለቁ። እሳቱን የአሚሶም፣ ሶማሊያ የነበረው የአፍሪካ ኅብረት ጦር፣ እሳት አደጋዎች ነው ያጠፉት።

ራምፕ ላይ ያለው፦
አንቶኖቭ እኮ ጀት አይደለም ኪሩቤል። ሞተሩ ፕሮፔለር ነው ያለው።

ኪሩቤል ሪያድ፦
የሞቱት ሰዎች ሞተሩን አይተው ነው የሞቱት? ስታርፍ ተቃጠለች፣ በቃ። ለእናንተ አሜሪካ ካልወደቀ አደጋ አይባልም።

ጡረተኛው፦
ኪሩቤል ልክ ነው። እንዲያውም የጭነት አውሮፕላን ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የባሰ ነው። ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ ነው የምትሮጠው። ጀት ላይ ቢያንስ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ነዳጁ የት እንዳለ ታውቃለህ። እኔ ከሁሉ የምፈራው እሷን ነበር።

ሰብለ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ማሙሽ ግን ጽሑፉን ታስተካክላለህ ወይስ አታስተካክልም? ለእሱ እኮ ነው ይህ ሁሉ።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
እሺ። «ተጥዶ» የሚለውን አነሳለሁ፣ ለጋሼ ስል። «አመድ አደረገ» የሚለውን «አመድ ሆነ» አደርገዋለሁ። 200 ሚሊዮኑ ግን ንቅንቅ አይልም።

ራምፕ ላይ ያለው፦
ሪፖርቱ 196 ነጥብ 5 ነው የሚለው።

ማሙሽ ካዛንቺስ፦
አሁንስ ቃሉን መለስኩት።