የካርድ ውጤት መቼ ይነሳል? ለመመሪያ ማሻሻያው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ በዩ-ጊ-ኦ የካርድ ጨዋታ ውድድሮቻችን ጭቅጭቅ የሚበዛው «ጊዜው አልፎበታል» በሚለው ውሳኔ ላይ ነው፤ የካርዱ ውጤት፣ ማለትም በላዩ የተጻፈው ድርጊት፣ የሚነሳበት ዕድል አምልጦታል ማለት ነው። ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ማሻሻያ ከዚሁ ብንጀምር ይሻላል። የመነሻ ረቂቄ አጭር ናት፦ «ተጫዋች ያመለጠውን ውጤት ተራው ሳያልቅ ማስነሳት ይችላል።» እስቲ ተቹት።

ዋና ዳኛ፦ በዚህ መልኩ አልደግፈውም። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው አሳታሚው ኩባንያ ኮናሚ ነው፤ የእኛ ድርሻ የአሠራር መመሪያ ብቻ ነው። ሁለቱን ካደባለቅን በእኛ ልማድ የተቀረጸ ተጫዋች ሌላ ውድድር ገብቶ መሸነፉ አይቀርም። ሕጉን ማለስለስ ሳይሆን ማስረዳት ነው ያቃተን።

«ጥቁሩ ቀልደኛ ፔተን» የተባለውን የጭራቅ ካርድ ውሰዱ። ወደ መቃብር (ያገለገሉ ካርዶች ወደሚከመሩበት) «ሲላክ» እርሱን ከጨዋታ አስወግዶ ሌላ ፔተን መጥራት «ይቻላል» ይላል። ባለቤቱ ፔተንን መሥዋዕት አድርጎ ትልቅ ጭራቅ ወደ ሜዳ ጠራ እንበል። ፔተን መቃብር ወርዷል፤ ይሁን እንጂ በመጨረሻ የተፈጸመው የፔተን መላክ ሳይሆን የትልቁ ጭራቅ መጠራት ነው። «ሲላክ» የሚለው ምርጫ ደግሞ መላኩ የመጨረሻው ክስተት እንዲሆን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጊዜው አልፎበታል። ሳንጋን የተባለው ካርድ ግን ከሜዳ ወደ መቃብር «ከተላከ» ነው የሚለው፤ ውጤቱም ግዴታ ነው። እርሱ በመሥዋዕትነት ቢሄድም ይነሳል።

ጀማሪ አባል፦ እኔን ግራ የሚያጋባኝ ሰንሰለቱ፣ ካርዶች አንዱ ለሌላው መልስ ሆነው የሚደረደሩበት፣ ነው። ተጋጣሚዬ ፔተንን ሲያጠፋብኝ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም ይባላል። ዳኞች እንደ ስሜታቸው የሚፈርዱ ይመስላል።

ዋና ዳኛ፦ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ማስረጃውን ካላሳየን እንዲያ ነው የሚመስለው። ሰንሰለት የሚፈታው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ፔተንን ያጠፋው ካርድ ሁለተኛው ቀለበት ከሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የመጀመሪያው ቀለበት ይፈጸማል። በመካከል አዲስ ውጤት ማስነሳት አይፈቀድም። ሰንሰለቱ ተፈትቶ ሲያልቅ የመጨረሻው ክስተት ሌላ ሆኗል። ያጠፋው የመጀመሪያው ቀለበት ቢሆንና ሌላ ነገር ባይከተለው ኖሮ ፔተን ይነሳ ነበር።

አንጋፋ ተጫዋች፦ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጡት ካርዶች መልሱን በጽሑፋቸው ይዘዋል። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ውጤቱ የሚነሳበት ሁኔታ ነው፤ ከድርብ ሰረዙ በፊት ያለው ሲነሳ የሚከፈለው ወይም የሚመረጠው፤ የቀረው ሲፈታ የሚፈጸመው። «ከዚያም» የሚለውም ቀላል ቃል አይደለም። ሁለት ድርጊቶችን አንዱን ከሌላው አስከትሎ ስለሚያስቀምጥ፣ የፊተኛውን የሚጠብቅ «ሲላክ» ባይ ካርድ ዕድሉን ያጣል። ይህ በመመሪያው ይካተት።

ሰብሳቢ፦ ይካተት፤ ግን መመሪያው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ረጅሙን የሚያነበው ዳኛው ብቻ ነው።

አንጋፋ ተጫዋች፦ እንግዲያውስ የብዙ ውጤቶች መደራረብም ይጨመር፤ አንድ መስመር ይበቃዋል። በአንድ ቅጽበት የተነሱ ውጤቶች ሰንሰለት ሲሠሩ የባለ ተራው ግዴታዎች ይቀድማሉ፣ የተጋጣሚው ግዴታዎች ይከተላሉ፣ ከዚያ የባለ ተራው ምርጫዎች፣ በመጨረሻ የተጋጣሚው ምርጫዎች።

ጀማሪ አባል፦ ስለ እጅ ፍጥነትስ? አንዳንዱ ጭራቅ ጠርቶ እጁን ሳያነሳ ሌላ ካርድ ይዘረግፋል። «መልስ አለኝ» ስል «አልፏል» ይለኛል።

ዋና ዳኛ፦ አላለፈም። ከጥሪ በኋላ የመጀመሪያው ዕድል የባለ ተራው ቢሆንም፣ እርሱ ካልተጠቀመበት ወደ ተጋጣሚው ይዞራል። መሮጥ የሌላውን መብት አይሽርም።

አንጋፋ ተጫዋች፦ በየጥሪው «መልስ አለህ?» እየተባለ ሲጠየቅ ዙሩ ሰዓቱን ይበላል። መጠየቅ ግዴታ አይሁን፤ ቆም ማለት ግን ግዴታ ይሁን።

ጸሐፊ፦ የመጀመሪያ ረቂቄን ስቤያለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ባለ ተራው ከጥሪ በኋላ ቆም ይላል፤ ተጋጣሚው በቃል ወይም በእጅ ምልክት ወዲያውኑ ካሳለፈ ጨዋታው ይቀጥላል። ባለ ተራው ሳይቆም ቢቀጥል ተጋጣሚው መልስ የመስጠት ዕድሉን አያጣም። ‹ጊዜው አልፎበታል› ብሎ የሚፈርድ ዳኛ፣ በመጨረሻ የተፈጸመው ክስተት የትኛው እንደሆነ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይናገራል።»

ዋና ዳኛ፦ «ወዲያውኑ» የሚለው ይውጣ፤ በእርሱ ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ይነሳል። የቀረውን እደግፋለሁ።

ሰብሳቢ፦ ወጥቷል። የፔተንና የሳንጋን ምሳሌ ከሥሩ ይግባ፤ ሰነዱ ለድምፅ ይቅረብ።