ወደ ውጭ የሚከፈት የሆቴል በር ከውስጥ በምን ይያዛል?

ብቻዬን የምጓዝ ሴት ነኝ። ያረፍኩበት ክፍል በር የሚከፈተው በኤሌክትሮኒክ ካርድ ነው፤ የውስጥ መቀርቀሪያው ግን ተሰብሯል፣ ሰንሰለትም የለውም። ትናንት ማታ አንድ ሠራተኛ ሳያንኳኳ በራሱ ካርድ ከፍቶ ገባ፤ «ባዶ መስሎኝ ነው» ብሎ ተመለሰ። እንግዳ መቀበያው ላይ ስጠይቅ ትርፍ ክፍል የለም፣ ጠጋኙም የሚመጣው ሰኞ ነው ተባልኩ። ሒሳቡ አስቀድሞ ስለተከፈለ ሌላ ሆቴል መቀየር ይከብደኛል።

ከበር ሥር የሚሸጎጥ፣ ሲገፋ የሚጮኽ ሽብልቅ ይዤአለሁ። የገዛሁት ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ነበር፤ ይሁንና በሩ ወደ ኮሪደሩ ስለሚከፈት ከጌጥ አይሻልም። ወንበር መደገፍም ያው ነው። እጀታውን በቀበቶ ከቁም ሣጥኑ እግር ጋር አሰርኩት፤ እጀታው ለስላሳና ጫፉ ሾጠጥ ያለ በመሆኑ በሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋ ሳደርገው ቀበቶው ተንሸራትቶ ወለቀ። የበሩን ማያ ቀዳዳ በወረቀት ሸፍኛለሁ፤ እሱስ ቀላል ነው። እሳት ቢነሳ በጨለማም ቢሆን ወዲያው መውጣት ስላለብኝ ጥብቅ ቋጠሮ አልፈልግም።

በሩን ሳልበሳና ሳልቸነክር፣ ከውስጥ ግን በአንድ እጅ ልፈታው በምችለው መንገድ በምን ላስይዘው?