ከጅማ እስከ ባሕር ዳር፦ የቱ ድልድይ ላይ "አቁም" ልበል?

የአዌቱ ዳር፦
ሰላም ጓዶች። ጥያቄዬ የሥራ ፈት ይመስላል፣ ታገሱኝ። እኔ ድልድይ ላይ መቆም እወዳለሁ። እዚህ ጅማ አዌቱን በእግሬ ስሻገር እንኳ መሃል ላይ ደርሼ ሳልደገፍ አላልፍም፤ ባጃጅ ከኋላዬ ሲያልፍ ወለሉ እግሬ ሥር ንዝር ይላል፣ እሱ ነው ደስ የሚለኝ። በጥቅምት ከታላቅ ወንድሜ ጋር በመኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ወንድሜ መሪ ከያዘ የትም አይቆምም። ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይሰማኝ ይሆናል። የት የት ላስቁመው?

የሰኮሩው፦
አንዱን ጊቤ ላይ አድርገው። ከሰኮሩ አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ሙቀቱ ራሱ ይነግርሃል። እኔ ሁሌ በአውቶቡስ ነው የማልፈው። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ከኋላ ያሉ እናት "ልጄ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል" ይላሉ፣ ጭቅጭቁ ሳያልቅ ድልድዩ ያልቃል። ወንዙን በደንብ ያየሁት አንዴ ጎማ ፈንድቶብን ስንቆም ነው። ግን ምክሬን ስማ፤ ድልድዩ ላይ ሳትደርሱ ከላይ ከጠመዝማዛው ቁሙ። ሸለቆውም ድልድዩም አንድ ላይ የሚታየው ከዚያ ነው። ይሄ ውሃ ነው እንግዲህ ወደ ታች ወርዶ ኦሞ ተብሎ ቱርካና የሚገባው።

ጎሃ ላይ የዋልኩ፦
አባይ በረሃ! ሌላውን ሁሉ ብትተው እሱን አትለፍ። ከጎሃ ጽዮን ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ጆሮህ ይደፈናል፣ ከታች ህዳሴ ድልድይ ይጠብቅሃል። 303 ሜትር ነው፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራ። ከሁለቱ ምሰሶዎች ላይ ኬብሎቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ወለሉን ይዘውታል። አሮጌው ድልድይ ከጎኑ አለ። እሱ ዝቅ ብሎ፣ ቀጠን ብሎ የቆመ ነው፤ ያን ሁሉ ተሳቢ መኪና ስንት ዘመን እንደተሸከመ ስታስበው ያሳዝንሃል። ጥበቃ ስላለ ስልክ ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ። እንደኔ እንደኔ ከደጀን በኩል ወደ ላይ ስትወጡ ዞር ብለህ የምታየው ይበልጣል።

ፍቼ፦
ከዚያ በፊት እኮ ደብረ ሊባኖስ አለ። የፖርቹጋል ድልድይ ይሉታል። ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ነች፣ መኪና አያልፍባትም። ጭላዳዎቹ ሳሩ ላይ ቁጭ ብለው ይነጫሉ፣ ውሃው ደግሞ ድልድዩን እንዳለፈ ገደል ይገባል።

መምህሩ፦
@ፍቼ ስሙ ነው እንጂ ፖርቹጋሎች አልሠሩትም። ያሠሩት የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። የድሮውን ከፈለጋችሁ ጢስ አባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው አላታ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፣ ወደ ፏፏቴው ስትሄዱ በእግር ትሻገሩታላችሁ።

ፍቼ፦
@መምህሩ እሺ ጋሼ፣ ተምረናል። ጭላዳዎቹ ግን የኛ ናቸው።

ከሳን ፍራንሲስኮ፦
የጅማ ልጅ ነኝ፣ ቅናት ገደለኝ። እዚህ ጎልደን ጌት አለልኝ፤ በፈረንጆች 1937 የተከፈተ፣ በሁለቱ ማማዎች መካከል ብቻ 1,280 ሜትር። በእግር መሻገር ይቻላል። ግን በጋውን ጉም ይውጠዋል። የመጀመሪያ ቀን ሄጄ ያየሁት ብርቱካናማ ቀይ ብረት ወደ ነጭ ነገር ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፣ ባሕሩ በድምፅ ብቻ ነበር ያለው። ብርዱን አትጠይቁኝ። ባሕር ዳር ስትደርሱ አዲሱን የአባይ ድልድይ በእግራችሁ ተሻገሩልኝ። በእኛ 2016 ነው የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው። ማታ ማታ መብራቱን በቪዲዮ እያየሁ ነው የምተኛው።

የአዌቱ ዳር፦
ተባረኩ። ለወንድሜ አነበብኩለት። ጊቤ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ አባይ በረሃ። ባሕር ዳር መድረሻችን ስለሆነ ከቁጥር አይገባም ብዬ ተከራክሬያለሁ። እሺ አለ፣ ግን ወልቂጤ ላይ ክትፎው በእኔ ሂሳብ ነው።